ከፈረቃ በኋላ ያለው ወንበር

ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ጣቶቼ ራሳቸው አላረፉም፣ ብርድ ልብሱ ላይ ካርታ ሲበውዙ ነው የያዝኳቸው። ሥራው፣ ካሲኖ ውስጥ ፖከር ላይ ካርታ ማደል፣ ከብዶኝ አይደለም። ማንም አልጮኸብኝም፣ ተበልቶ የተናደደብኝም የለም። ብቻ ደስ የማይል ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነው የወጣሁት። ስጽፍ ይለቀኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ልወጣ ስል ቲ ጠራችኝ፣ እንደኔ ካርታ የምታድል የሥራ ባልደረባዬ። ዩኒፎርሟን ቀይራ፣ ፀጉሯን ለቃ፣ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ቺፕሷን (በገንዘብ ምትክ የሚመደበውን ክብ ምልክት) ደርድራ ተቀምጣለች። «አንድ ወንበር አለ፣ ና በቃ!» አለችኝ። የኛ ቤት፣ ካሲኖው ማለቴ ነው፣ ይፈቅዳል። ፈረቃህን ከጨረስክና ዩኒፎርምህን ካወለቅክ እንደማንኛውም እንግዳ ፖከር መጫወት ትችላለህ። ደክሞኛል አልኳት። ዋሸኋት። ያን ወንበር ፈርቼው ነው።

አንድ ጊዜ ተቀምጬበታለሁ። ይሄን እስከዛሬ አልጻፍኩላችሁም።

ጋሼ የምንላቸው የዘወትር እንግዳ አሉ፣ ሁልጊዜ ከዲለሩ (ካርታ ከሚያድለው) በስተግራ የመጀመሪያው ወንበር ላይ የሚቀመጡት። ሁለት ዓመት ሙሉ ካርታ አድያቸዋለሁ። ጥሩ ካርታ ሲደርሳቸው አንዴ አየት አድርገው ይተዉታል፣ ደግመው አይነኩትም። ብለፍ ሲያደርጉ (ደካማ ካርታ ይዘው ጠንካራ ሲያስመስሉ) ግን የቀኝ አውራ ጣታቸው ወደ ቺፕሱ ይሄዳል። ክምሩን ከጎን ጫን ጫን እያደረገ ያስተካክላል። ክምሩ እኮ አልተዛነፈም። እንዲሁ ያስተካክሉታል። እሳቸው የሚያውቁት አይመስለኝም።

ፈልጌ አይደለም ያየሁት። ሥራዬ ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ መትከል ነው። ማን መደበ፣ ማን ጣለ፣ ተራው የማን ነው፣ ይሄን ሁሉ ስትከታተል የሰው እጅ አብሮ ይገባብሃል። መጨረሻ ላይ ካርታው ሲገለጥ ደግሞ ያ እጅ ምን ይዞ እንደነበር ታያለህ። ይሄ በቀን ስንት ጊዜ ይደጋገማል። ሳታጠና ታጠናለህ።

ያን ዕለት ከፈረቃ በኋላ ተቀመጥኩ። አምስተኛዋ፣ የመጨረሻዋ ካርታ ወጣች። እኔ የያዝኩት ሁለት ስምንት ብቻ ነው፣ ጠረጴዛው መሃል ለሁሉም የተገለጠው ደግሞ በትልልቅ ካርታ የተሞላ። ጋሼ ግማሽ ክምራቸውን ወደ መሃል ገፉት። ሌላ ሰው ቢሆን ሳላቅማማ እጥለው ነበር። ከዚያ አውራ ጣታቸው የቀረውን ክምር ማስተካከል ጀመረ። ኮል አልኩ፣ እኔም ያንኑ ያህል መደብኩ። ምንም አልነበራቸውም።

«ጎበዝ ልጄ» አሉኝ። ከልባቸው ነው ያሉኝ፣ ፈገግ ብለው። በማግስቱ እኔ ዲለር ሆኜ እሳቸው ያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። አንድ እጅ (አንድ ዙር) ሲበሉ እንደልማዳቸው አንድ ቺፕ ወረወሩልኝ። ጉርሻ ስንቀበል ካሜራው እንዲያየው ጠረጴዛውን በቺፑ መታ መታ እናደርጋለን። መታሁ። ያቺን ድምፅ እስከዛሬ አልረሳኋትም።

ቲ ይሄን ስነግራት (አውራ ጣቱን አልነገርኳትም፣ በልቻቸዋለሁ ብቻ ነው ያልኳት) ታዲያ ምን አጠፋህ ነው ያለችኝ። ክርክሯ ቀላል አይደለም። ብላክጃክና ሩሌት ላይ የምትጫወተው ከቤቱ ጋር ነው፣ ስለዚህ ሠራተኛ ከሠራተኛ ተመሳጥሮ ቤቱን እንዳይዘርፍ መከልከሉ ያስኬዳል። ፖከር ላይ ግን ሰው የሚጫወተው እርስ በርሱ ነው። ቤቱ መሃል ከተከመረው ላይ ድርሻውን ያነሳል፣ ከዚያ ማንም ይብላ ማን ግድ የለውም። እንዲያውም ጠረጴዛው እንዳይበተን ደሞዝ ከፍለው በገዛ ገንዘቡ የሚጫወት ሰው የሚያስቀምጡ ቤቶች አሉ። «እኛ እኮ በነፃ ነው የምንሞላላቸው» ትላለች።

ልክ ናት። ግን እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ቤቱ የሚጠብቀው የራሱን ነገር ነው። ፖከር ላይ የሚነካበት ከሌለ እንግዳውን ማን ይጠብቀው?

ለካርታውማ ጥበቃ ሞልቷል። በደንብ ይበወዛል፣ ይቆረጣል፣ መሃል ላይ አዲስ ካርታ ከመግለጣችን በፊት ከላይ ያለችውን አንዷን ተገልብጣ እንዳለች ወደ ጎን እናደርጋታለን፣ ምልክት ተደርጎባት ከሆነ ማንም እንዳይጠቀምባት። ከጠረጴዛ ስነሳ መዳፌን ዘርግቼ ለካሜራው አሳያለሁ፣ ከዚያ ገልብጬ ጀርባውን። ባዶ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባውን ግን የትኛውም ካሜራ አያየውም። ፖከር ደግሞ በካርታ ብቻ አይበላም። ሁለት ኤስ (ትልቁ ካርታ) ከመነሻው የሚደርስህ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው። የቀረው ሰው ማንበብ ነው። እና እኔ ጋሼን ያነበብኩት እየተከፈለኝ፣ እሳቸውም ጉርሻ እየሰጡኝ፣ ገለልተኛ ነው ብለው አምነውኝ ነው።

በፈረንጆቹ 2007 አብሶሉት ፖከር የሚባለው የኢንተርኔት ፖከር ላይ የወጣው ጉድ ትዝ ይለኛል። ከውስጥ በተገኘ መንገድ የሌላውን ሰው የተደበቀ ካርታ የሚያይ አካውንት ነበር። ነገሩን ያጋለጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው፣ የተጫወቷቸውን እጆች መዝገብ አንድ በአንድ መርምረው። የኔ ከዚያ ጋር እኩል ነው አልልም። ያ ጥርት ያለ ስርቆት ነው። ግን እነሱ የሚመረምሩት መዝገብ ነበራቸው። ጋሼ ምን አላቸው?

ስለዚህ አቋሜን ልናገር። ካርታ የሚያድል ሰው በሚያድልበት ቤት ፖከር መጫወት የለበትም። ሌላ ቤት ሄዶ ይጫወት፣ ማንንም በማያውቅበት። ዩኒፎርም ማውለቅ ምንም አይቀይርም፣ የምታውቀው ነገር ከሸሚዙ ጋር አይሰቀልም።

በካሲኖዎቿ የምትታወቀው የቻይናዋ ማካዎ ከዚህም አልፋ ሄዳለች። ከፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ ጀምሮ የቁማር ክፍል ሠራተኛ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ ካሲኖ ውስጥ እንዳይገባ በሕግ ከልክላለች፣ የቻይናውያን አዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀናትን ከመሳሰሉት በስተቀር። እዚያ የታሰበው ለእንግዳው ሳይሆን ለሠራተኛው ነው፣ በሱስ እንዳይያዝ። መጀመሪያ ስሰማ በዛ ብዬ ነበር። አሁን ቲን ሳያት አልበዛም እላለሁ። ድሮ በሳምንት አንዴ ነበር የምትቀመጠው። በዚህ ሳምንት ያልተቀመጠችበት ቀን አላየሁም። ደሞዟን ከተቀበለችበት በር ሳትወጣ የምትመልስበት ቀን እንዳለ አውቃለሁ። ይሄን ፊት ለፊት ልላት ይገባ ነበር፣ ደክሞኛል ብዬ ከምሸሽ።

አሁን ገባኝ፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር። ዛሬ ክፍት የነበረው ወንበር ከቲ በስተቀኝ ነው። ከዲለሩ በስተግራ፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ደግሞ ጋሼ ነበሩ። ስወጣ «ደህና እደር ልጄ» ያሉኝን ቲ ሰምታ ስቃለች።

ቲም እንደኔ ሁለት ዓመት ካርታ አድላቸዋለች። አውራ ጣቱን አይታው ይሆን? መጠየቅ አልችልም፣ ካላየችው በጥያቄዬ ነገርኳት ማለት ነው። ለጋሼ ልንገራቸው ብልም ዲለር ለአንድ ተጫዋች ምክር አይሰጥም፣ ሌሎቹ ስምንት ሰዎችም እኔን አምነው ነው የተቀመጡት። ዝም ካልኩ ደግሞ ነገም ያው እጅ፣ ያው ክምር። ምን ማድረግ ነው ያለብኝ?