አስም ላለበት ሰው የግላኮማ ጠብታ ከመግዛታችሁ በፊት

አባዬ ግላኮማ፣ ማለትም የዓይንን ነርቭ እየጎዳ እይታ የሚቀንስ ሕመም፣ እንዳለበት ያወቅነው መነጽር ሊያሠራ በሄደበት ነው። የዓይኑ ግፊት ተለካ፣ የዓይን ነርቩ ታየ፣ ማዘዣ ተጻፈ፣ ቀጠሮ ተያዘ። ግፊቱ 30 ነበር፤ ጤናማው በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ነው። የጠፋው እይታ እንደማይመለስ፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት እንደሆነ በደንብ ተነግሮናል። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም።

የታዘዘለት ቲሞሎል ነው፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ። ዋጋው አይከብድም፣ ግፊትም በደንብ ይቀንሳል። ግን አባዬ ለዓመታት አስም ያለበት ሰው ነው፣ ማንም አልጠየቀውም። "ሌላ ሕመም አለብዎት ወይ?" ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አስሙ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ የውስጥ ደዌ ካርዱ ላይ ተጽፏል። የዓይን ክፍሉ ግን አዲስ ካርድ አውጥቶለት በዚያው ቀጠለ።

ብዙም ሳይቆይ ሌሊት ሌሊት ያስለው ጀመር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ትከሻውን እያነሳ አየር ሲስብ ደረቱ ሲያፏጭ ከሳሎን ይሰማ ነበር። የአስም መድኃኒቱን ሳልቡታሞል ይነፋል፤ እንደ ወትሮው አያስታግሰውም። ብርዱ ነው አልን። ሲብስበት ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው። "አባባ፣ ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?" አለችው ሲስተሯ። "የሚነፋውን ብቻ" አላት። ዓይን ላይ የሚንጠባጠብ ነገር መድኃኒት ተብሎ ይቆጠራል ብሎ ማን ያስባል? ኦክስጅን ተሰጠው፣ ቀለል አለው፣ ቤት ገባን። ማታ ጠብታው ተደረገለት፤ ሌሊቱን እንደገና ተቀምጦ አደረ።

እህቴ ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን የተጣጠፈ ወረቀት ዘርግታ በስልኳ መብራት አነበበችው። መጠቀም የሌለባቸው ሰዎች ከተዘረዘሩበት ቦታ አስም ያለበት ሰው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ዓይናችን ውስጡን የሚሞላውን ፈሳሽ ያለማቋረጥ ያመነጫል፤ ቲሞሎል ፈሳሹ የሚመረትበት ቦታ ያሉትን ቤታ የሚባሉ ተቀባዮች (የሰውነትን መልእክት የሚቀበሉ የሕዋስ ክፍሎች) ዘግቶ ምርቱን ይቀንሳል፤ ግፊቱም ይወርዳል። የሳንባን የአየር ቧንቧ ከፍተው የሚይዙትም የዚሁ ቤተሰብ ተቀባዮች ናቸው። ሳልቡታሞል የሚሠራውም በእነሱ ላይ ስለሆነ ነው መንፋቱ ያልጠቀመው። ጠብታው ደግሞ በእንባ መውረጃው ወደ አፍንጫ ይወርድና በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። እንደሚዋጥ ክኒን መጀመሪያ በጉበት አልፎ አይዳከምም።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዘን ሄድን። "ቀጠሯችሁ ገና ነው" ተባልን። ስንጨቀጭቅ አንዱ ባለሙያ "በዓይን ጠብታ አስም አይነሳም" ብሎ ሊመልሰን ሞከረ። ይህን አባባል እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ሐኪሙ ዘንድ ስንገባ ግን ገና ሳንጨርስ ቲሞሎሉን ሰርዘው ላታኖፕሮስት አዘዙ፤ ማታ ማታ አንድ ጠብታ ብቻ። ይኸኛው ምርቱን አይነካም፣ ፈሳሹ የሚወጣበትን መንገድ ያሰፋል። ዓይን ያቀላል፣ ሽፋሽፍት ያስረዝማል፣ የዓይንን ቀለም ሊያጠቁር ይችላል። አባዬ ግን ጋደም ብሎ ማደር ጀመረ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አንድ ወር ላታኖፕሮስት ጠፋ ተባለና ፋርማሲው "ያው ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል" ብሎ ሌላ ካርቶን ሰጠን። ከንግድ ስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል ላታኖፕሮስትና ቲሞሎል ይላል። ሌሎቹ የግላኮማ ጠብታዎች፣ ዶርዞላሚድም ብሪሞኒዲንም፣ ከቲሞሎል ጋር ተቀላቅለው ይሸጣሉ። ስለዚህ የንግድ ስሙን ተዉት፣ በክዳኑ ቀለምም አትተማመኑ፤ ከሥር የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡ ይባላል፤ ለግላኮማ በጠቅላላው እውነት ነው፣ ጠብታ ትቶ መቀመጥ ዓይን ያጠፋል። ቲሞሎል ከጀመረ በኋላ ትንፋሹ ያጠረ ሰው ግን ቀጠሮ ይጠብቅ ቢባል አልቀበልም። ቀጣዩን ጠብታ ሳያደርግ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ጠርሙሱንም ይዞ፤ ምትክ መድኃኒት አለ።

ሌላም ማንም ያላሳየን ነገር ነበር። ጠብታው እንደገባ ዓይንን ጨፍኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል መጫን። መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቆያል፣ ወደ ደም የሚገባውም ይቀንሳል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ያለው ሰው በመካከላቸው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠብቅ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል።

አሁን የአባዬ የዓይን ካርድ ሽፋን ላይ "አስም አለበት፣ ቲሞሎል አይሰጠው" ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ የጻፍነው እኛ ነን። የልብ ምታቸው የሚዘገይባቸው ሰዎችም ከዚህ መድኃኒት መራቅ አለባቸው፤ እነሱንም ላይጠይቋቸው ይችላሉና ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ራሳቸው ይናገሩ።