በ251 የሚጀምር ስልክ

አባቴ ያረፈ ጊዜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርኩ። ቅዳሜ ማለዳ ጓደኞቼ ተሰብስበው በሬን አንኳኩ። ፊታቸውን እንዳየሁ ገባኝ። ሌሊቱን ሥራ ላይ ሳለሁ ከአገር ቤት ሦስት ጊዜ ተደውሎልኝ ነበር። አላነሳሁም።

ከዚያ ወዲህ በ251 የሚጀምር ስልክ ሲጠራ «መርዶ ነው» የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልብኛል። ልቤ ይደልቃል። ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ፤ ወዲያው ቅልል ይለኛል።

ያቺ እፎይታ ነች ጉድ የሠራችኝ።

እናቴ ለእህቴ «ሰው አገር ሄዳ ረሳችኝ» አለቻት። ይህን ስሰማ አፈርኩ። ሳፍር ደግሞ ጭራሽ መደወል ተውኩ።

በመጨረሻ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። የምትሠራበት ዘዴ ሲቢቲ ይባላል፤ ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያይ የንግግር ሕክምና ነው። መሠረቱን ከጣሉት አንዱ ሐኪሙ አሮን ቤክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ በድብርት የሚሠቃዩ ሰዎችን ሲያክም፣ ሳይጠሩ የሚመጡ ሐሳቦች ስሜታቸውን እንደሚመሩት አስተዋለ። ይሄ ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ፣ ድርጊቴም ተመልሶ ሐሳቤን እንደሚቀልበው ሳውቅ ነው። ስልኩን ስለማላነሳ መርዶ አለመሆኑን የምሰማበት ዕድል የለም። አእምሮዬም «የተረፍሽው ስላላነሳሽ ነው» ብሎ ይመዘግባል።

የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ ግምቴን እጽፋለሁ፤ ከ100 ስንት እንዳመንኩበትም። ከዚያ አነሳለሁ።

«መርዶ፣ 90» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ነበረች። በርበሬው ተፈጭቷል፣ የሚመጣ ሰው ስላለ ልላክልሽ ወይ ነው ነገሩ።

ሁለተኛው የሠርግ ወሬ ነበር። ሦስተኛው ግን እውነትም ክፉ ወሬ ሆነ፤ አክስቴ ታማ ሆስፒታል ገብታለች። አለቀስኩ። በማግስቱ ራሴ ደውዬ እንዴት አደረች አልኩ። ብዙ ያስተማረኝ ይሄኛው ነው። ሲቢቲ «በጎ በጎውን ብቻ አስቢ» ማለት የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። እኔ «ክፉ ወሬ ከሰማሁ አልችለውም» ብዬ አምን ነበር። ሰማሁት፤ ቻልኩትም።

አሁንም ሐሳቡ ይመጣል። «መርዶ፣ 30» እጽፍና አነሳለሁ።

ትናንት ጠዋት ከሥራ ስወጣ ሳይደወልልኝ እኔው ደወልኩ። እናቴ ገና «ሄሎ» ሳልላት፦

«ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?» አለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

«ምንም አልሆንኩም እማዬ። በርበሬው ደረሰኝ ልልሽ ነው።»