ጣሪያውን ለመጨረሻ ያቆየሁ ዕለት

ደሴ ላይ ላቫጆ የሚሠራ ሰው ያላጠበው ነገር የለም። ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ መልኩ እስኪጠፋ ጭቃ የለበሰ ላንድክሩዘር፤ ሁሉም በእጃችን አልፏል። ቤት ግን አጥበን አናውቅም ነበር። አንድ ጠዋት ቤቱ ራሱ በጎማ መጣልን።

ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ባልና ሚስት ፈረንጆች፣ አልጋውም ምድጃውም ሽንት ቤቱም ውስጡ ያለ፣ ሰባት ሜትር የሚሆን ነጭ መኪና ይዘው ከች አሉ። አጠገባችን ቡና የሚያፈሉት እትዬ ረከቦታቸውን ትተው መጥተው አንዴ ዞሩትና፣ «ወላሂ ይሄስ አከራይ የለበትም» ብለው ተመለሱ።

ሰውየው እጄን ይዞ ወደ ጎኑ ወሰደኝ። ከጣሪያው ጠርዝ የጀመረ ጥቁር መስመር ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ወርዷል። በጣቱ እየነካ ቆጠረልኝ፤ አስራ አንድ። መኪናዋ ኩሏ በእንባ የወረደባትን ሙሽራ መስላለች። «አብሽር» አልኩት።

ያቺን «አብሽር» ባልላት ኖሮ ይሄን ባልጻፍኩ።

መስመሩ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ሐረጎን ስትወጡ ከፊታችሁ ያለው ተሳቢ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚተፋውን ጭስ ታውቁታላችሁ። ያ ጥላሸት ከመንገዱ አቧራ ጋር ሆኖ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ይተኛል። የአንዳንድ ቤት መኪናዎች ጣሪያ ደግሞ ጎማ ነገር ስለሆነ ሲያረጅ ራሱም ዱቄት ያወጣል። ሌሊት ጤዛ ሲወርድ ወይም ካፊያ ሲጥል ይሄ ሁሉ ቀጥኖ ወደ አሸንዳው ጫፍ ይሄዳል፤ ከጫፉ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። ዶፍ ቢሆን አጥቦት ይሄድ ነበር። ጉዱ ያለው ትንሹ ውሃ ላይ ነው፤ የተሸከመውን መንገድ ላይ ጥሎ ይደርቃል፤ በማግስቱም በዚያው መስመር ይመለሳል።

እሺ ይውረድ፤ ለምን ሙጭጭ ይላል? የዚህ መኪና ግድግዳ እንደ ሚኒባስ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ አይደለም። ፋይበር ግላስ ነው፤ ላዩ ጀልኮት የሚባል ልባስ አለው። ፀሐይ ሲጠብሰው ዓይን የማያየው ቀዳዳ ያወጣል፤ ጥላሸቱ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ እንደ ደሴ ያለ ደጋ ብርድ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ግድግዳው ማርጀቱን ለማወቅ ደረቅ ጥቁር ጨርቅ ማሸት ነው፤ ነጭ ዱቄት ከያዘ አርጅቷል።

እኔ ይሄን ጨርቅ ያሸሁት ጥፋቱን ከሠራሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የእህቴ ልጅ በረኪና ይዞ ሮጠ። አስቆምኩት። በረኪና ዋክሱን፣ ላዩ የተቀባውን ሰም፣ ገፎ የመስኮቱን ጎማ ያደርቃል። ቀጥሎ ናፍጣ የሚረጨውን ይዞ መጣ። ለሻንሲ እሺ፤ የጎማ ጣሪያን ግን ናፍጣና ቤንዚን ያሳብጡታል፤ ግድግዳው ላይም የሚቀረው ቅባት የነገን አቧራ ይጠራል። ሦስተኛ ቲነር! «አንተ ልጅ፣ መኪናውን ልታጥበው ነው ልታቀልጠው?» አልኩት። የእነዚህ መኪናዎች መስኮት ብዙ ጊዜ መስታወት ሳይሆን አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ቲነር የነካው እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። አልኮልና አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃም ያው ነው፤ ለመስኮቱ ለስላሳ ሳሙናና ውሃ ይበቃል።

ልጁን እንዲህ መክሬ ስጨርስ እኔ ዘው አልኩ። ያቺን በውሃ ብቻ ሁሉን ታነሳለች የምትባለውን ነጭ ስፖንጅ አነሳሁ። ለሙከራ ብዬ መስመር አንዱን አሸሁ፤ ለቀቀ! ደስ ብሎኝ ጎኑንም ጨመርኩ። ዘወር ብዬ ሳይ በሩ አጠገብ፣ ልክ በዓይን ቁመት፣ የቴሌቪዥን ስክሪን የሚያህል ነጭ አራት ማዕዘን ቆሟል። ለካ የቀረው መኪና ነጭ አልነበረም፤ ቅቤ የነካው ነጠላ ነበር። ስፖንጇ በጣም ደቃቅ ሸካራ ወረቀት ማለት ናት፤ ቆሻሻውን ከዋክሱና ካረጀው ልባስ ጋር አብራ ላጠችው። ነጭ ሆነ፣ አንጸባራቂነቱ ግን ጠፋ። ሙከራ የሚደረገው ታች ከጎማው ኋላ፣ ሰው በማያይበት ነው። እኔ በራፉ ላይ አደረግሁት።

እትዬ ከወዲያ፣ «እሱን እንዲሁ ተወውና ኳስ አሳየን» አሉ።

ለማመሳሰል የግድ ጎኑን ሙሉ ፖሊሽ ማድረግ ነበረብኝ። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር እየከፈሉ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ፖሊሽ ስፖንጅ ላይ አድርጎ ማሸት፣ ሳይደርቅ መጥረግ፣ ወደ ቀጣዩ መሄድ። መስኮቱንና በሩን ትቼ ከሠላሳ በላይ አራት ማዕዘን ሆነ፤ ላዩ ላይ ዋክስ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የጀመርኩት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አለቀ። ክንዴ የእኔ አልነበረም። ግድግዳው ግን ፊት ያሳይ ነበር፤ እትዬ መጥተው ሻሻቸውን አስተካክለውበታል።

ያን ጊዜ ነው «ጣሪያው ቀርቷል» ያልኩት።

ወጣሁ፣ ሻምፖ ደፋሁ፣ የግፊት ማሽኑን ለቀቅሁ። የስንት ወር ጥላሸት በአስራ አንዱም መንገድ፣ አድራሻው እንደተሰጠው ሰው፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። የእህቴ ልጅ ከታች አንድ ሁለት እያለ ይቆጥራል። በዚያ ላይ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። መኪና ሲታጠብ ሰው ወርዶ ይቆማል፤ ቤት ሲታጠብ ለካ ሰው ተኝቶበት ነው። ልጁ በሌላው ቱቦ ታች ታቹን አለቅልቃለሁ ብሎ የማቀዝቀዣውን መተንፈሻ ወንፊት ፊት ለፊት መቶት ውሃው ገብቷል። ሴትዮዋ ፎጣ ይዘው በመስኮት ብቅ አሉ። ደግነቱ ሳቁ።

አስራ አንዱ መስመር እንደ አዲስ ሆነ። ዋክሱ ስላለበት ግን አልተጣበቀም፤ በሳሙና ውሃ ብቻ ለቀቀ። ሌላኛውን ጎን በማግስቱ ጠዋት በሥርዓቱ ሠራነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦

መኪናው ጥላ ውስጥ ይቆማል፤ ግድግዳው ለመዳፍ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ከሞቀ ሳሙናው ደርቆ የራሱን መስመር ይሠራል። ጣሪያ ይቀድማል። ለአስር ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የመኪና ሻምፖ፣ ለስላሳ ብሩሽ፤ ሰው የሚወጣው ጣውላ አንጥፎ ነው፣ የጣሪያ መስኮቱን አይረግጥም። አንዱ ላይ ሲያጥብ ሌላው ታች ቆሞ ግድግዳውን እያረጠበ ይጠብቃል፤ የሚወርደው ቆሻሻ ደረቅ ነገር ካላገኘ አይዝም። ከዚያ ግድግዳው ሳሙና የሚቀባው ከታች ወደ ላይ ነው። እኔም መጀመሪያ የተገላቢጦሽ መስሎኝ ነበር፤ ከላይ ከጀመራችሁ ግን ሳሙናው በደረቁ ቆሻሻ ላይ እየወረደ መንገድ ያበጃል። ማለቅለቅ ከላይ ወደ ታች። የግፊት ማሽኑ ከግማሽ ሜትር በላይ ይራቅ፤ ወንፊት፣ ስቲከርና የመስኮት ጠርዝ ላይ አይነጣጠር።

ለማይለቀው መስመር የፋርማሲውን 70 በመቶ አልኮል ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሎ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ ማድረግ፤ ግድግዳው ላይ አይረጭም፣ መስኮት አጠገብም አይደርስም። ግማሽ ደቂቃ ይዞ ቁልቁል መጥረግ፣ ጨርቁን ማገላበጥ። የተጠረገበት ዋክስ ስለሚነሳ መልሶ መቀባት ነው። ነጭ የውሃ ጠብታ ምልክት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የውሃው ኖራ ስለሆነ እኩል በውሃ የቀጠነ ኮምጣጤ ያነሳዋል።

የአሸንዳው ጫፍ ግን አላስቻለኝም። ጫፉ አጭር ነው፤ ውሃው ተንጠባጥቦ መውደቅ ሲገባው ተመልሶ ግድግዳውን ይልሳል። ሃይላንድ ቆርጬ አራት ጣት የምታህል ምላስ አበጀሁና በሲሊኮን ለጠፍኩለት፤ ውሃው ከግድግዳው ርቆ እንዲወድቅ። የነበረን ባዶ ሃይላንድ አንድ ስለሆነ የተሠራው የቀኙ ብቻ ነው። ሲሊኮኑ ይድረቅ ብለው ግቢያችን አደሩ።

ሌሊት ካፊያ ጣለ። ንጋት ላይ ሰውየው ፒጃማውን እንደለበሰ ወርዶ ቀኙን አየ፤ ንጹህ። ግራውን አየ፤ ከአሸንዳው ጫፍ አንዲት ቀጭን መስመር። ወደ እኔ ዞሮ አንድ ጣቱን አነሳ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቤቱ ገባና የሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዞ ወጣ። ሙሉ ነው። እትዬ አራት ስኒ አቀረቡ፤ ውሃውን እኩል አካፍለን እየጠጣን፣ የእህቴ ልጅ መቀሱን ይዞ ከጎናችን ቆሞ ይጠብቅ ነበር።