ለአሮጌዋ ቫናችን ተተኪ ፍለጋ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቫን ስናይ ዋልን። ያለችን ቮልስዋገን ቲ3 ካምፐር፣ ማለትም ውስጧ የሚተኛባትና የሚበሰልባት የጉዞ ቫን ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ግን በጣም እወዳታለሁ። ችግሩ ዝገቱ ከአቅማችን በላይ ሆነ፣ መለዋወጫዋም እንደ ልብ አይገኝም።

ፊያት ዱካቶ ውስጥ ስገባ ቦታው ገረመኝ። ጎኑ ቀጥ ያለ ስለሆነ የውስጥ ስፋቱ 1.87 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ስለዚህ አልጋውን በአግድም መዘርጋት ይቻላል፣ ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በቁመት የተዘረጋ አልጋ የሚወስደው ቦታ ለማብሰያና ለዕቃ ይተርፋል ማለት ነው። ባለቤቴ ራሱ ጋደም ብሎ ሞከረው። በቃው!

መርሴዲስ ስፕሪንተር ሲነዱት ደስ ይላል፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትትም አለው። ግን ውስጡ ጠበብ ይላል። ቮልስዋገን ካሊፎርኒያም አየን፣ ቆንጆ ናት፣ ግን ውስጧ ለመቆም ጣሪያዋን ወደ ላይ መክፈት ያስፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያ ሳንከፍት ቆመን ማብሰል እንፈልጋለን።

ደግሞ ክብደቱን ሳትጠይቁ አትግዙ። በብዙ አገር በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3.5 ቶን ነው። ውሃው፣ ባትሪው፣ ቁምሳጥኑ፣ ሰዉ ሲደመር ሳይታወቅ ይሞላል፣ ሻጮች ደግሞ ይህን ቀድመው አያነሱትም።

ልቤ ወደ ዱካቶው አድልቷል። የሚያሳስበኝ የሚጎትተው በፊት ጎማ ብቻ መሆኑ ነው። እርጥብ ሣርና ጭቃ ላይ የነዳችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ጥሩ የክረምት (ለብርድና ለበረዶ የተሠራ) ጎማ ብቻውን ይበቃል?