ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚያንኳኳው ያሪስ

ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ መኪናውን ውጭ ያሳደረ ሰው ጠዋት መስታወቱ ላይ የተጋገረ ውርጭ ይጠብቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ሰሞን ንጋት ላይ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ቢወርድ የሚገርመው የለም። ባለ 1ኤንዜድ ሞተሩ ቶዮታ ያሪስ ወደ ጋራዡ የመጣው በዚህ ወቅት ነው። የነዳው 240,000 ኪሎ ሜትር ያለፈ፣ ቅሬታውም አጭር፦ ጠዋት ሲነሳ «ከርርር» ይላል፣ ከዚያ ዝም።

መኪናው የደረሰው ግን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ ግሎ ነው። ተነሳ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ተነሳ፤ ምንም የለም። ባለመኪናው አፈረ። «ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ጠዋት ቢሰሙት እኮ…»

ዋናው ሜካኒክ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። «ስንት ሰከንድ ይቆያል?» ብሎ ጠየቀ።

ብዙ ጋራዥ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ብቻ ይጠይቃል። የድምፅ ስም ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል፦ አንዱ «ያንኳኳል» ያለውን ሌላው «ይንቀጫቀጫል» ይለዋል። ሰከንድ ግን አያወላዳም። ሞተሩ ገና ሳይነሳ፣ ቁልፉ እንደዞረ የሚፋጭ ድምፅ ከሞተሪኖው (ሞተሩን ከሚያስነሳው) ወይም ከቤንዲክሱ (ከሞተሪኖው ጥርስ) ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ከ1 እስከ 5 ሰከንድ የሚንኳኳና የሚጠፋ ከዘይት መዘግየት ጋር የተያያዘ ነው። ከ2 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ቀስ እያለ የሚጠፋ፣ ብረት ሲሰፋ የሚዘጋ ክፍተት አለ ማለት ነው፤ ወይ ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ይወዛወዛል፣ ወይ የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ይተነፍሳል። የኋለኛው ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ይተዋል፤ ጆሮ ላይ በተያዘ ቀጭን ጎማ ቱቦ ሲደመጥም «ጭስ ጭስ» ሲል ይሰማል። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ፣ ጋዝ ሲሰጠው የሚከብድ ወፍራም ምት ግን የብሮንዚና (የሚሽከረከረው ዘንግ የሚያርፍበት ልባስ) ስለሚሆን መኪናውን እዚያው ማቆም ነው።

ሲጢጥ የሚል ከሆነ ቺንጋው (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ነው። ጠዋት ዲናሞው ሌሊቱን የደከመውን ባትሪ ለመሙላት ስለሚጫነው ይጮኻል። ባለ መስመሩ ገጽ ላይ ትንሽ ውኃ ሲረጭበት ድምፁ ከጨመረ ላልቶ እየተንሸራተተ ነው፤ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ግን የፑሌዎቹ (የቺንጋው መዘውሮች) መስመር መዛባት መታየት አለበት።

ባለመኪናው ትንሽ አሰበና «ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሰከንድ» አለ። ቀጥሎ የተናገረው ደግሞ ነገሩን ከበድ አደረገው፦ ከሁለት ሳምንት በፊት ሌላ ጋራዥ ካቴናውን (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች የሚያዞረውን ሰንሰለት)፣ ቴንሽነሩን (ካቴናውን የሚወጥረውን) እና መንሸራተቻዎቹን በሙሉ ቀይሮለታል። ድምፁ ግን ያው ነው። የዚያ ጋራዥ ሁለተኛ ግምት «ታፔት» (ቫልቮቹን የሚገፋው ክፍል) ነበር።

ታፔቱን ከዝርዝር ማውጣት ቀላል ነው። በዚህ ሞተር ላይ ታፔቶቹ በዘይት የሚነፉ ሳይሆኑ ድፍን ናቸው፤ ክፍተታቸው በቀዝቃዛ ሞተር ኢንቴክ (አየር ማስገቢያ) ላይ ከ0.17 እስከ 0.23፣ ኤግዞስት (ጭስ ማውጫ) ላይ ከ0.27 እስከ 0.33 ሚሊ ሜትር ነው። የሰፋ ክፍተት ካለ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ራሱን አያስተካክልም፤ መንኳኳቱን ይቀጥላል።

መኪናው አደረ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚሰማ ድምፅ ሌላ መንገድ የለውም፤ «ትንሽ እናቀዝቅዘው» ብሎ ኮፈን ከፍቶ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ማታ ሞተሩ ጠፍቶ ሳይቀዘቅዝ የዘይት ግፊት ቡልቡ (ለዳሽቦርዱ መብራት ግፊቱን የሚያሳውቀው) ተነቅሎ በምትኩ ጌጅ ታሰረ። በሞቀ ሞተር ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ላይ 1.1 ባር፣ በ3,000 ዙር 3.2 ባር አሳየ። የዚህ ሞተር ዝቅተኛ ልክ ሚኒሞ ላይ 0.5 ባር፣ በ3,000 ዙር ከ1.5 እስከ 5.5 ባር ስለሆነ ፓምፑ ጤነኛ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ለዚህ ሥራ አትበቃም፤ ትንሽ ግፊት እንዳገኘች ስለምትጠፋ፣ መጥፋቷ ዘይቱ በቂ ነው ማለት አይደለም። የዘይቱ መጠንም በመለኪያው ዘንግ ታየ፤ ሙሉ ነው። ዘይት የጎደለበትን ሞተር ድምፅ ሲያሳድዱ መዋል በጋራዥ ቤት ያለ ነውና ይህ ሁልጊዜ ይቅደም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቴርሞሜትሩ 3 ዲግሪ አለ። ረዳቱ ረጅም ካቻቢቴ ይዞ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር አጥንት ላይ አስደግፎ፣ ጫፉን በቺንጋው በኩል በካቴናው ክዳን ላይኛ ክፍል አሳረፈ። ቁልፉ ዞረ። «ከርርር!» የጌጁ መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ 5 ባር ላይ ዘለለ፣ ድምፁም አብሮ ተቆረጠ። ከላይ፣ ከኢንቴክ ካምሻፍቱ (የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) በኩል ነው የመጣው።

እዚያ ያለው የቪቪቲአይ ጊር (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው) ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ይህ ጊር ወደ መጨረሻው የዘገየ ቦታ ተመልሶ በትንሽ ፒን ይቆለፋል፤ ሲነሳ የዘይት ግፊት ፒኑን ይፈታዋል። ፒኑ በደንብ ካልገባ ወይም በእድሜ ክፍተት ካበጀ፣ ዘይቱ ደርሶ ክፍሎቹን እስኪሞላ ጊሩ ወዲያና ወዲህ ይመታል። የካቴናው ቴንሽነር ደግሞ ከዘይት ግፊት ሌላ ስፕሪንግና ወደኋላ የማይመልስ ጥርስ ስላለው፣ ዘይት ለሦስት ሰከንድ ቢቀርበት ካቴናውን ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። የመጀመሪያው ጋራዥ ድምፁ የመጣበትን ሰፈር በትክክል አግኝቷል፤ ዘይቱ ለምን ሦስት ሰከንድ እንደሚዘገይ ግን አልጠየቀም።

በማግስቱ ቁርጡን የሚያሳየው ሙከራ ተደረገ። የኢኤፍአይ (የነዳጅ መርጫው) ፊውዙ ተነቀለና ሞተሩ ያለ ነዳጅ በሞተሪኖ ብቻ ተሽከረከረ። ከ10 ሰከንድ በላይ በአንድ ጊዜ ማዞር ሞተሪኖውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ መደገም ካለበትም ግማሽ ደቂቃ ያሳርፉታል። በሰባተኛው ሰከንድ መርፌው ተንቀሳቀሰ። ፊውዙ ተመለሰ፣ ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ጭጭ ብሎ ተነሳ። ዘይት ቀድሞ ከደረሰ ድምፅ የለም ማለት ነው። ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) የሚያስከፍት ምክንያትም የለም።

የቀረው ተጠርጣሪ ፊልትሮው ነው። የዘይት ፊልትሮ ውስጥ፣ ዙሪያውን ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ሥር፣ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኮፓው (ታች ወዳለው የዘይት ገንዳ) እንዳይመለስ የሚዘጋ የጎማ ቫልቭ አለ። ፊልትሮው አፉ ወደ ላይ ሆኖ ካልቆመ፣ ማለትም በጎኑ ተጋድሞ ወይም ተዘቅዝቆ ከታሰረ፣ ዘይቱን የሚይዘው ይህ ጎማ ብቻ ነው። ርካሹ ጥቁር ጎማ በሙቀት ይደርቃል፤ ሲሊኮኑ፣ ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማ ወይም ቀይ የሆነው፣ ልስላሴው ይቆያል። በንጹሕ ቀጭን እንጨት በቀዳዳው ሲነካ ገባ ብሎ መልሶ መግፋት አለበት። የዚህኛው እንደ ካርቶን ደርቋል።

ጌጅ የሌለው ጋራዥም ይህን ማወቅ ይችላል፦ መኪናው ካደረ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ ፊልትሮውን ፈትቶ ማየት ነው። ቫልቩ የሠራ ፊልትሮ ከባድ ነው፣ ሲፈታም ዘይቱ እጅ ላይ ይፈስሳል፤ የከዳ ቫልቭ ያለው ቀሎ ይወጣል።

ፊልትሮው በመቁረጫ ተከፈተ። በሰጌቶ የሚቆርጡ አሉ፤ የሰጌቶው ብናኝ ወረቀቱ ላይ ይረግፍና ብሮንዚና የተበላ መስሎ ሰውን ያስደነግጣል። ወረቀቱ ተዘርግቶ በባትሪ ብርሃን ታየ፤ የሚያብለጨልጭ ነገር የለም።

ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው የዘይት ወረቀት 20ደብሊው-50 (ወፍራም የዘይት ዓይነት) ይላል። እዚህ ላይ ዘይቱን ብቻ መክሰስ ይቀናል፣ ግን ፍርዱ ልክ አይሆንም። 20ደብሊው በ3 ዲግሪ አይረጋም፤ ከዚያ በታችም ይፈስሳል። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከኮፓው ተነሥቶ ላይ ለመድረስ መዘግየት ነው። ፊልትሮው ሙሉ ቢሆን መዘግየቱ ባልታወቀ ነበር፤ ባዶ ፊልትሮና ወፍራም ዘይት ሲገናኙ ነው ሦስት ሰከንድ የሆነው። አዲስ አበባ ላይ ይኸው መኪና ምናልባት ከአንድ ሰከንድ በላይ ባላሰማ ነበር።

ዘይቱ በሞቀ ሞተር ወረደ። የኮፓው ብሎን በ14 ቁልፍ ይፈታል፤ ሲመለስ አዲስ ሮንዴላ ይደረግበትና በ37 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል። ባለ ሲሊኮን ቫልቭ ፊልትሮ ጎማው ዘይት ተቀብቶ ገባ፤ ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ። 3.7 ሊትር 5ደብሊው-30 (ቀጠን ያለ ዘይት) ተሞላ።

በሦስተኛው ጠዋት፣ ያው 3 ዲግሪ ላይ፣ መርፌው ከአንድ ሰከንድ በታች ተነሳ። አጭር «ቅጭ» ተሰማ፣ አለቀ። ባለመኪናው ግን ፊቱ አልፈታም፤ ጆሮው አንዴ ነቅቷልና አሁን ደግሞ «ጢቅ ጢቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማ። ቀዝቃዛ ሞተር ከመደበኛው ሚኒሞ ከፍ ብሎ ሲዞር የኢንጀክተሮቹ (ነዳጅ የሚረጩት) ምት ይሰማል፤ ካቻቢቴው በየተራ አራቱም ላይ ሲያርፍ እኩል መቱ። ጤና ነው።

«እና ያቺ ቅጭ የምትለው?»

«እሷ ከጊሩ ናት። ትንሽ ተበልቷል፤ ለዚህች ግን አይፈታም። ጠዋት እንዳስነሳህ ጋዝ አትርገጥ፣ ሃያ ሰላሳ ሰከንድ በራሱ ይዙር። ፊልትሮ ስትገዛ ደግሞ ጎማውን በእንጨት ነክተህ ግዛ።»

በመኪናው የሰርቪስ ካርድ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «የጠዋት ድምፅ፣ ግማሽ ሰከንድ፣ በ3 ዲግሪ፤ የዘይት ግፊት ከ1 ሰከንድ በታች።» በሚቀጥለው ታኅሣሥ ፊልትሮው ደህና ሆኖ ግማሹ ሰከንድ ሁለት ከሆነ፣ ያኔ ጊሩ ይፈታል።