የትኛው ባሕር?

ባሕር ዳር ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጣና ዳር ሎጅ ሊሠራ የቀረበ የግንባታ ፈቃድ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የወለሉ ከፍታ ከጎርፍ በላይ መሆኑ ይጣራ» ተብሎ ተመርቶበታል። ጥሩ። ከየትኛው ጎርፍ በላይ?

አለቃዬን ጠየቅኩት። «ዳታ የለም፣ ጥናት ያስፈልጋል» አለኝ። ጥናት ማለት መስክ ነው፣ መስክ ማለት አበል ነው። እኛ ቢሮ ጥናት የሚጠላ ሰው አላየሁም።

እኔ ግን ገና ትኩስ ነበርኩ። መጀመሪያ ከኢንተርኔት የሳተላይት ከፍታ ካርታ አወረድኩ። ካርታው በሜትሮች ይሳሳታል። ጣና ደግሞ ከበጋ እስከ ክረምት የሚወርደውም የሚወጣውም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በእህል ሚዛን ወርቅ እንደመመዘን በሉት።

ከዚያ ደብዳቤ ይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አንዱ ጋ ማኅተሙ አይታይም ተባልኩ። ሌላው ጋ ባለሙያው መስክ ወጥቷል (ለጥናት መሆኑ ነው)። በመጨረሻ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አዘነችልኝ። «ወንድሜ፣ ሐይቁን የሚያነቡትን አባት ለምን አትጠይቃቸውም?»

በማግሥቱ ማለዳ ሄድኩ። ጋቢ ደርበው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው የሐይቁን ውሃ ከፍታ መለኪያ ብረት ፊት ጎንበስ ብለዋል። ደብተራቸው በፌስታል ተጠቅልሏል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፤ ገጽ በገጽ። ሐይቁ ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነውና የመስከረሞቹን ገለባበጥኩ። ትልቁን ቁጥር ያዝኩና አጠገባችን ባለው የኮንክሪት ቤንች ማርክ (ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው የታወቀ ምልክት ድንጋይ) ከፍታ ላይ ደመርኩት። ውጤቱን በኩራት ነገርኳቸው።

ዞር ብለው ከኋላችን ያለውን መንገድ አዩ። «እንዲህማ ከሆነ እዚያ አስፋልት ላይ በታንኳ ነበር የምንሄደው።»

ዝም አልኩ።

«ለመሆኑ ዜሮው የት ነው?»

«ከባሕር ጠለል ነዋ፣ አባቴ።»

«የትኛው ባሕር?»

«ባሕር ነዋ… ትልቁ ባሕር።»

«እኛ ባሕር የምንለው ይኸው ፊትህ ያለውን ነው። እኔ የማነበው ከብረቱ እግር ነው። የብረቱ እግር ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው። አንተ የደመርከው ደረቅ ላይ ካለ ድንጋይ ጋር ነው ልጄ።»

አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። ይህ የሰርቬይንግ (የመሬት ልኬት) ትምህርት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ፊቴ ሲቃጠል ይታወቀኛል። እሳቸው ግን አልሳቁብኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ደብተሩን መልሰው እየጠቀለሉ አንድ ነገር ጨመሩልኝ፤ «ከጨራጨራ በፊት ያለውን ከኋለኛው ጋር አትደባልቅ። በሩ ከተሠራ ወዲህ የባሕሩ ጠባይ ሌላ ነው።» ጨራጨራ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ያለው ባለ በር ግድብ ነው፤ የተሠራው በ1988 ዓ.ም. ነው። ይህን የነገረኝ መሐንዲስ የለም።

«የዜሮው ከፍታስ አባቴ?»

«እሱንማ ሌቭል ተክለው የለኩት ልጆች ወስደውታል። ከእናንተ መሥሪያ ቤት ነበር የመጡት።»

ከእኛ!

ከሰዓት በኋላ አቧራ ስቅም ዋልኩ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ድሮ ለሌላ ሆቴል ፈቃድ የተከፈተ ፋይል ውስጥ አገኘሁት። የብረቱ ዜሮ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት እንደሆነ፣ ከፍተኛው የሐይቁ ከፍታ፣ የወለል ከፍታ፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ ተቀምጧል። ግርጌው ላይ ፊርማ አለ። ያንን ፊርማ አለቃዬ በሚፈርምልኝ የዕረፍት ፈቃድ ወረቀቴ ላይ በየጊዜው አየዋለሁ።

ፎቶ ኮፒ አድርጌ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ምንም አላልኩም። መነጽሩን አወጣ፣ አነበበ፣ ፊርማው ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆየ።

«ጎበዝ» አለኝ። «አየህ፣ ፈልግ ስልህ ይገኛል።»

ጥናቱ ግን አልቀረም፣ በጀቱ ጸድቋል ተባለ። አምስት ሆነን ወጣን። እኔም አበሌን ፈርሜ ተቀብያለሁ።