እንቁላል ላይ ያለ ፊርማ

ፕሪኒያ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ጅራቷን ነው። አይፈረድበትም። ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ ጫፍ 11 ወይም 12 ሴንቲሜትር ብትሆን ነው፤ ከዚያ ላይ ግማሽ የሚጠጋው ጅራት ነው። እሱንም ሽቅብ አቁማ ግራና ቀኝ ታወዛውዘዋለች። እኔን ግን ይህን ማስታወሻ ያስጀመረኝ እንቁላሏ ነው።

ስለ መልኳ ባጭሩ ልጻፍ። ሙሉ ስሟ ፕሪኒያ ሱብፍላቫ ነው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን "ቢጫ ቢጤ" ማለት ነው። ጀርባዋ ግራጫ ያዘለ ቡኒ ነው፣ ጎኗ ገርጣ ያለ ቡኒ፣ የክንፏ ላባ ጠርዝ ዳማ፤ ከዓይኗ በላይ ነጣ ያለ ቅንድብ አላት። ከሰሃራ በታች ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ደቡብ አፍሪካ ቁጥቋጦና ረጅም ሣር ባለበት ትገኛለች። ብዙ ጊዜ የምትምታታው ሲስቲኮላ ከሚባሉት ትናንሽ ወፎች ጋር ነው። ጀርባ ማየት ይበቃል፦ የአብዛኞቹ ሲስቲኮላዎች ጀርባ ጥቁር ጭረት አለው፣ የእሷ ልሙጥ ነው። በደረቁ የምሥራቅ አፍሪካ ቆላ ያለችው ገርጣዋ ፕሪኒያ ደግሞ ክንፏ ላይ ዳማ የላትም። ድምፅ ሰምቶ መፈለግ ይሻላል፤ አንዱን ስል ድምፅ ሳትሰለች እየደጋገመች ስለምታሰማ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች።

ጎጆዋ ስፌት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አረንጓዴ ሣር በቀጭኑ ትሰነጥቃለች፤ ቅጠሉን በምንቃሯ በስታ የሣሩን ክር በቀዳዳው ታሾልካለች፤ እንዲህ እያደረገች እንቁላል ቅርጽ ያለው ከረጢት ትሠራለች። መግቢያው ከጎን ነው፣ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ። የሚንጠለጠለው ዝቅ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ወገብ በማይደርስ ከፍታ ነው። ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ ከዙሪያው ጋር ይመሳሰላል፤ እየደረቀ ሲሄድ ለሚያውቅ ዓይን ይጋለጣል።

ውስጡ በአብዛኛው 3 ወይም 4 እንቁላል ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። የአንዷ እንቁላል ነጭ፣ የጎረቤቷ ሰማያዊ፣ የሌላዋ ቀላ ያለ፣ የሌላዋ ደግሞ የወይራ አረንጓዴ ነው። በላዩ አንዳንዱ ጠቃጠቆ፣ አንዳንዱ ሰፋፊ ነቁጥ፣ አንዳንዱ ሕፃን በእስክሪብቶ የሞነጫጨረው የሚመስል ጭረት አለበት። አንዲት እናት ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምትጥለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ፊርማ ያልኩት ለዚህ ነው።

ፊርማ ያስፈለገው አስመሳይ ስላለ ነው። ኩኩ ፊንች የምትባል ወፍ ጎጆ አትሠራም፤ የፕሪኒያን እንቁላል አውጥታ የራሷን ትጥላለች። ሴቷ ኩኩ ፊንች ቀይ ቢሾፕ የተባለውን፣ ምንም ጥፋት የሌለበትን ሌላ ወፍ ሴት ስለምትመስል ፕሪኒያ ሁለቱን መለየት ይቸግራትና ወደ ጎጆዋ የተጠጋችውን ሁሉ ታባርራለች። ማባረሩ ካልተሳካ የሚቀራት እንቁላሉን መመርመር ነው።

በደቡብ ዛምቢያ ቾማ አካባቢ ተመራማሪዎቹ ክሌር ስፖቲስዉድና ማርቲን ስቲቨንስ ይህን ለመፈተን የአንዷን ፕሪኒያ እንቁላል በሌላዋ ጎጆ አስቀመጡ። በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት እንደሚያሳየው ፕሪኒያ የምትፈርደው በመደቡ ቀለም፣ በነቁጦቹ መጠንና በአሰፋፈራቸው ነው፤ የራሷን ከባዕዱ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለዩትም እነዚሁ ምልክቶች ናቸው። ጥገኛዋ ኩኩ ፊንች በበኩሏ የሚመሳሰል ጎጆ መርጣ አትጥልም፤ ዕድል ነው። ብዙው እንቁላሏም ተለይቶ ይወገዳል። ግን አንድ ተንኮል አላት፦ እዚያው ጎጆ ተመላልሳ ከአንድ በላይ ትጥላለች። ባዕዱ በቁጥር ሲበዛ ፕሪኒያ የራሷ የቱ እንደሆነ ያጠራጥራታል፣ ያስቀረቻቸውም ይበዛሉ። ይህን ተንኮል ከቀለሙ ማስመሰል በላይ አደንቀዋለሁ።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደግሞ የጥገኛዋን ድክመት አሳየ። ኩኩ ፊንች የእንቁላሏን መደብ ቀለም የምትወርሰው ከእናቷ ብቻ ነው፣ በሴቶች ብቻ በሚተላለፈው ደብሊው ክሮሞዞም በኩል። ስለዚህ ሰማያዊ ጣይ ከሆነ ወገን አባት ብትወለድም የእናቷ ቀለም አይበረዝም፤ ይህ እናቷ የተጠቀመችበትን ጎጆ ባለቤት እንቁላል ለመምሰል ይጠቅማታል። ነገር ግን ሁለት ቀለም አዋህዳ አዲስ ማውጣት አትችልም። የወይራ አረንጓዴው የቀዩና የሰማያዊው ውህድ ስለሆነ ከሁለት ወላጅ ለምትወርሰው ፕሪኒያ ይገኛል፣ ለኩኩ ፊንች ግን እስካሁን አልተገኘም።

ጎጆ ለሚመዘግብ ሰው፦ ገና እየተሠራ ያለ ጎጆ አይነካ፣ ወፏ ትታው ልትሄድ ትችላለች። ሣሩን መቁረጥ ወይም መጠምዘዝ መጋረጃውን ማንሣት ነው። በዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ትንሽ መስተዋትና ደካማ መብራት ይበቃሉ። በመጡበት መንገድ አለመመለስ ጥሩ ነው፤ የተረገጠ ሣር ለአዳኝ መንገድ ይሆናል። የእንቁላል ፎቶ ሲነሣ ከጎኑ ግራጫ ካርድ መኖር አለበት። ቅጠል ሥር ያለው ብርሃን ራሱ አረንጓዴ ስላዘለ ሰማያዊው እንቁላል የወይራ መስሎ ይወጣል፤ በኋላ ማረም የሚቻለው በካርዱ ነው። ያም ሆኖ ወፎች አልትራቫዮሌት ስለሚያዩ ተራ ካሜራ የሚይዘው እነሱ የሚያዩትን ሁሉ አይደለም።

ከሁሉ የማይገባኝ ከተፈለፈለ በኋላ ያለው ነው። የኩኩ ፊንች ጫጩት ቀድማ ትወጣለች፣ ፈጥና ታድጋለች፤ ምግቡን እሷ ስለምትሻማው የፕሪኒያ ጫጩቶች በጥቂት ቀን በረሃብ ያልቃሉ። የአንድ ነቁጥን ልዩነት ለይታ ባዕድ እንቁላል የምታስወግደው ያቺው እናት፣ አሁን ከእሷ ልትበልጥ ለደረሰችው ባዕድ አባጨጓሬ ታመላልሳለች።